ስለ ማዋስና ስለ ማቆየት

ሰው ከሰው እጅ የሚቀበለው ነገር በሦስት ዓይነት መንገድ ይመጣል፤ ይኸውም በስጦታ፣ በብድርና በውሰት ነው። ስጦታ ከሆነ አይመለስም። ብድር ከሆነ ይመለሳል፤ ዳሩ ግን የሚመለሰው ያው የተወሰደው ነገር አይደለም። አንድ ቁና ጤፍ የተበደረ ሰው ያንን ጤፍ ከቤተሰቡ ጋር በልቶ፣ አዝመራ በደረሰ ጊዜ ሌላ ቁና ጤፍ ይሰጣል። ውሰት ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ የተወሰደው ነገር ራሱ፣ ሳይጎድልና ሳይለወጥ፣ ወደ ባለቤቱ መመለስ አለበት። ድስት የተዋሰ ጎረቤት ያንኑ ድስት አጥቦ ይመልሳል።

የተዋሰው በሬ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። በሬ ነፍስ ያለው ፍጥረት ስለ ሆነ፣ ሄዶ ሲመለስ እንደ ሄደው ሆኖ አይመለስም። ከደግ ሰው እጅ የገባ እንደ ሆነ ጠግቦና አምሮበት ይመጣል፤ ከክፉ ሰው እጅ የገባ እንደ ሆነ ጫንቃው ቆስሎ፣ ጎድኑ ተቆጥሮ ይመጣል። ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ በሬውን ከመስጠቱ በፊት የሚዋሰውን ሰው ጠባይ ይመረምራል፤ ስንት ጥማድ መሬት ሊያርስበት እንዳሰበም ይጠይቃል።

ድስት እንዲህ፣ በሬም እንዲህ ከሆነ፣ ሰውን ማዋስ እንዴት ያለ ነገር ይሆን?

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህ ጥያቄ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። በአውሮፓ የእግር ኳስ ዓለም ሰውን ማዋስ የየዓመቱ ሥራ ነው፤ ስሙም በእኛ ቋንቋ ያው ውሰት ይባላል። አንድ ትልቅ ቡድን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አለው እንበል። ልጁ ኳስ ሲነካ የሚያየው ሁሉ ይደነቃል። ነገር ግን እርሱ በሚጫወትበት ስፍራ ስሙ በዓለም የታወቀ የሠላሳ ዓመት ሰው ቆሞበታል፤ አሰልጣኙም ሁለቱን በአንድ ስፍራ ሊያሰልፍ አይችልም። በዚህ ጊዜ ሦስት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው ልጁን በቤቱ አቆይቶ ከታላላቆቹ ጋር እያለማመደ አልፎ አልፎ ማጫወት ነው። ሁለተኛው ለአንድ ዓመት ወይም ለግማሽ ዓመት ለትንሽ ቡድን አውሶት በየሳምንቱ እንዲጫወት ማድረግ ነው። ሦስተኛው ፈጽሞ መሸጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አስቀድመን እንመርምር፤ ሦስተኛው በስፍራው ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ኳስ የማይወድ ሰው ይህ ነገር እኔን አይመለከተኝም ይል ይሆናል። ነገር ግን ልጅ ያለው፣ ተማሪ ያለው፣ ደቀ መዝሙር ወይም አዲስ ሠራተኛ ያለው ሰው ሁሉ ይህ ጥያቄ ከደጃፉ ቆሞ ይጠብቀዋል። የአገራችንም የቆየ ትምህርት ያውቀዋል። የቆሎ ተማሪ ንባብ ከለመደበት ደብር ተነሥቶ፣ ለምዱን ለብሶና አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ወደሚነገርበት አገር ይሄድ ነበር። በአባቱ ቤት ቢቀር እንጀራ አይጎድልበትም፤ ነገር ግን ቅኔ አይማርም። ቢሄድ ቅኔ ይማራል፤ ነገር ግን የመንደር ውሻ ይነክሰዋል፣ ራብም ያገኘዋል። ወላጅም የሚያለቅሰው በሁለቱ መካከል ቆሞ ነው።

በመጀመሪያ ልጁ ይቆይ የሚሉትን ሰዎች ቃል እንስማ።

እነርሱ እንዲህ ይላሉ። ልጅ የሚማረው ከሁሉ በፊት በማየት ነው። በየቀኑ ከታላቅ ባለሙያ አጠገብ የሚውል ወጣት፣ ማንም ሳይነግረው የባለሙያውን አረማመድ፣ አስተያየትና ትዕግሥት ይወርሳል። በትንሹ ሊግ ግን ኳሱ ከመሬት ይልቅ በአየር ላይ ይውላል፤ ሜዳው ይጨቀያል፤ ርግጫው ይበዛል፤ በጥበብ የሚጫወት ልጅ ጥበቡን ትቶ መከላከልንና መሸሽን ይለምዳል። የትንሹ ቡድን አሰልጣኝም ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ቢሸነፍ ከሥራው የሚወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነገ ለሚሄድ ልጅ ስለምን ይደክማል? ዛሬ የሚጠቅመው ከሆነ ያሰልፈዋል፤ የማይጠቅመው ከሆነ ያስቀምጠዋል።

ለዚህ ቃላቸው ምስክር የሚያደርጉት ፊል ፎደንን ነው። ፎደን በ2000 ዓ.ም. በስቶክፖርት ተወለደ፤ በማንችስተር ሲቲም ከሕፃንነቱ ጀምሮ አደገ። በ2017 በሕንድ አገር በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ስታሸንፍ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወርም ለዋናው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ዳሩ ግን በፊቱ ዴቪድ ሲልቫና ኬቨን ደ ብሩይነ ቆመው ነበር። በ2017 እና በ2018 መካከል በነበረው የውድድር ዘመን በሊጉ የተጫወተው 5 ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ሰዎች ይዋስ እያሉ ሲናገሩ አሰልጣኙ ፔፕ ጓርዲዮላ ግን አላዋሰውም፤ ከአጠገቡ አኑሮ አለማመደው። ሲልቫ በ2020 ሄደ፤ ፎደንም ስፍራውን እያሰፋ መጣ። በ2024 በተፈጸመው የውድድር ዘመን በሊጉ 19 ግብ አግብቶ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። እንግዲህ መቆየቱ አልጎዳውም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ይሂድ የሚሉትን እንስማ።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ሰው ቤት መሥራትን የሚማረው ቤት በመሥራት፣ በገና መደርደርንም የሚማረው በመደርደር እንደ ሆነ፣ እንዲሁም ጀግንነትን የሚማረው የጀግና ሥራ በመሥራት እንደ ሆነ አስተምሯል። ይሂድ የሚሉት ሰዎች ክርክራቸውን የሚያቆሙት በዚህ ትምህርት ላይ ነው። በልምምድ ሜዳ ላይ የተሳሳተ ልጅ ስሕተቱ ምንም አያስከፍለውም፤ ኳሱ ተመልሶ ይመጣል፣ ጨዋታውም እንደገና ይጀመራል። በእውነተኛው ሜዳ ግን በእርሱ ስሕተት ቡድኑ ነጥብ ያጣል፤ ነጥብ በማጣቱ ከሊጉ ይወርዳል፤ በመውረዱም አጠገቡ የቆመው ባለትዳርና የልጆች አባት ደመወዙ ይጎድላል። ይህን ሸክም ያልተሸከመ ተጫዋች እግሩ ቢበስልም ልቡ ጥሬ ነው።

በተለይ በእንግሊዝ አገር ይህ ክርክር ይበረታል። በስፔን የትልልቆቹ ቡድኖች ሁለተኛ ቡድን በዝቅተኛው ሊግ ከዐዋቂዎች ጋር ይወዳደራል፤ ስለዚህ ልጁ ከቤቱ ሳይወጣ ከጎልማሶች ጋር መጋፋት ይችላል። ሊዮኔል ሜሲም ያደገው በዚህ መንገድ ነው፤ በባርሴሎና ታናናሽ ቡድኖች አልፎ በ2004 በ17 ዓመቱ በሊጉ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። በ2005 የዩቬንቱሱ አሰልጣኝ ፋቢዮ ካፔሎ በአንድ የወዳጅነት ጨዋታ ላይ አይቶት በውሰት እንዲሰጠው ቢጠይቅ ባርሴሎና እምቢ አለ። በእንግሊዝ ግን የትልቁ ቡድን ወጣቶች በሊግ የሚጋጠሙት ከእኩዮቻቸው ጋር ነው። ልጅ ከልጅ ጋር ብቻ ሲጋፋ ጉልበቱን በእውነት አያውቀውም። ስለዚህ ዐዋቂዎች ዘንድ ለመድረስ ከቤት መውጣት ግድ ይሆንበታል።

ለነዚህኞቹ ምስክራቸው ዴቪድ ቤካም ነው። በ1995 መጀመሪያ የማንችስተር ዩናይትዱ አሰልጣኝ አሌክስ ፈርጉሰን የ19 ዓመቱን ቤካምን ለፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ አዋሰው። ፕሬስተን በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አራተኛ ደረጃ ሊግ ውስጥ የነበረ ቡድን ነው። ቤካም ኋላ እንደ ተናገረው፣ ነገሩን በሰማ ጊዜ ሊያሰናብቱኝ ነው ብሎ ሠጋ። ነገር ግን ሄደ፤ 5 ጊዜ ተጫውቶ 2 ግብ አገባ፤ ከሁለቱም አንዱ ከማዕዘን ምት በቀጥታ የገባ ነበር። አንድ ወር ያህል ቆይቶ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወርም በዋናው ሊግ ለዩናይትድ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ኋላ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አለቃ ሆኖ 115 ጊዜ ለአገሩ ተሰልፏል።

ከቤካም ይልቅ የሚያስተምረው ግን የሃሪ ኬን ታሪክ ነው። ቶተንሃም ይህን ልጅ ለአራት ቤት አውሶታል። በ2011 ወደ ሌይተን ኦሪየንት፣ በ2012 ወደ ሚልዎል፣ በዚያው ዓመት ወደ ኖርዊች ሲቲ፣ በ2013 ደግሞ ወደ ሌስተር ሲቲ ሄደ። በሚልዎል መልካም ሠራ። በኖርዊች ግን የእግሩ አጥንት ተሰብሮ አንድም ግብ ሳያገባ ተመለሰ፤ በሌስተርም 2 ግብ ብቻ አግብቶ ብዙ ቀን በተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ቁጥር የሚቆጥር ሰው ቢጠየቅ ይህ ልጅ የትልቅ ቡድን አጥቂ አይሆንም ባለ ነበር። ነገር ግን በ2015 በተፈጸመው የውድድር ዘመን 31 ግብ አገባ። ቶተንሃምን ለቆ በ2023 ወደ ባየርን ሙኒክ እስኪሄድ ድረስ 280 ግብ አስቆጥሮ የቡድኑን ታሪክ ሁሉ በለጠ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወርም ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ግብ አግቢዎች ሁሉ የሚበልጥ ሆነ። ካልደፈረሰ አይጠራም የሚባለው በእርሱ ተፈጸመ።

እንግዲህ አንዱ ቆይቶ አደገ፣ ሌሎቹ ሄደው አደጉ። ምስክር በምስክር ከተካካደ ፍርዱ እንዴት ይሰጣል?

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት መንገድ ሊሄድ አይችልም። ፎደን ቢዋስ ኖሮ ይበልጥ ያድግ ነበርን? ኬን ባይዋስ ኖሮ ቀድሞ ይበስል ነበርን? ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ያልተሄደበት መንገድ አሻራ የለውምና። ስለዚህ ፍጻሜውን ብቻ አይቶ ይህ አሰልጣኝ ብልህ ነበር፣ ያኛው ሞኝ ነበር ማለት ቀላል ቢሆንም ፍርድ አይደለም።

ይህንም የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ አለ። ጄደን ሳንቾም እንደ ፎደን በ2000 ተወልዶ በማንችስተር ሲቲ የወጣት ቡድን ከእርሱ ጋር ነበር። ሳንቾ መጠበቅን አልወደደም፤ በ2017 ወደ ጀርመኑ ቦሩስያ ዶርትሙንድ ሄደ፤ ገና በ18 ዓመቱም የዘወትር ተሰላፊ ሆነ። በ2019 ሁለቱን ያስተያየ ሰው የሄደው ልጅ ጠቢብ፣ የቆየው ልጅ ሞኝ ነው ማለት ይችል ነበር፤ ፎደን በዚያን ጊዜ በሊጉ ከመጀመሪያ የተሰለፈባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩና። በ2024 ያስተያየ ሰው ግን የተገላቢጦሽ ይናገር ነበር፤ በዚያ ዓመት ፎደን የሊጉ ምርጥ ሲባል፣ ሳንቾ በማንችስተር ዩናይትድ ስፍራ አጥቶ ያው ወደ ዶርትሙንድ በውሰት ተመልሷል። እዚያም ደርሶ ከቡድኑ ጋር እስከ አውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግ ፍጻሜ ተጫወተ። ታዲያ እውነተኛው ፍርድ የትኛው ነው? የ2019 ነውን? የ2024 ነውን? ወይስ ገና ያልመጣው ዓመት? ፍጻሜን ብቻ የሚመለከት ዳኛ ዓመት በተለወጠ ቁጥር ፍርዱን ሲለውጥ ይኖራል።

ስለዚህ የአንድ ሥራ ደግነት የሚመዘነው ሥራው በተሠራበት ጊዜ በታወቀው ነገርና በሠሪው አሳብ ነው። ጥያቄውም ይዋስ ወይስ ይቆይ ከሚለው ወደ ሌላ ጥያቄ ይሸጋገራል፤ ይኸውም የሚዋሰው ለማን ጥቅም ነው? የሚቆየውስ ለማን ጥቅም ነው? የሚለው ነው።

የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት ሰውን ለሌላ ነገር መሣሪያ ብቻ አድርጎ መያዝ እንደማይገባ አስተምሯል። በዚህ ቃል ውስጥ ብቻ የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ቡድኑ ከልጁ ጥቅም ማግኘቱ ኃጢአት አይደለም፤ አሠልጥኖታል፣ አብልቶታል፣ ደመወዝ ከፍሎታል። ልጁም በፈቃዱ ፈርሟል። ክፋቱ የሚጀምረው የልጁ ማደግ ከሒሳቡ ፈጽሞ ሲወጣና ልጁ እንደ ጎተራ እህል ዋጋው እስኪወደድ ድረስ ሲከማች ነው።

ይህ ደግሞ ያልተደረገ ነገር አይደለም። ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት የለንደኑ ቼልሲ በአንድ ጊዜ ከ30 በላይ ተጫዋቾችን በውሰት ያሰማራበት ወቅት ነበር። ከነዚያ ዘመን ወጣቶች አንዱ ቤልጅጋዊው ኬቨን ደ ብሩይነ ነው። ቼልሲ በ2012 ገዛው፤ ለጀርመኑ ቬርደር ብሬመን አዋሰው፤ እዚያም በሊጉ 10 ግብ አግብቶ በደስታ ተመለሰ። በተመለሰ ጊዜ ግን የሚሰለፍበት ስፍራ አላገኘም፤ በሊጉ ሦስት ጊዜ ብቻ ተጫወተ። ያን ጊዜ ይሸጥ ዘንድ ግድ ሆነ፤ በጥር ወር 2014 ወደ ቮልፍስቡርግ ሄደ። በዓመቱ የጀርመን የዓመቱ ተጫዋች ተባለ፤ ከ2015 ጀምሮ በማንችስተር ሲቲ ስድስት ጊዜ የእንግሊዝን ሊግ ዋንጫ አነሣ። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን አስቀድመን እንዳየነው የፎደንን ስፍራ ይዞ ያስጠበቀው እርሱ ራሱ መሆኑ ነው። ስፍራ አጥቶ የወጣው ልጅ በሌላ ቤት የስፍራ ጌታ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማዋስ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ያስፈልገዋል። ልጁን ልከው ሲመለስ የሚቀመጥበት ወንበር ያላዘጋጁለት ሰዎች አላዋሱትም፤ ቀስ ብለው አባረሩት። ሁለተኛ፣ ማዋስም ማቆየትም የማይጠቅምበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ደግነቱ መልቀቅ ነው። የማይጫወትበትን ልጅ ሌላ እንዳይወስደው ብቻ ይዞ የሚቀመጥ ቡድን እርሱም አይበላ፣ ሌላውንም አያስበላ።

የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋም ይህን አይቶ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ሕግ አወጣ። አንድ ቡድን ወደ ሌላ አገር የሚያውሳቸውም ሆነ ከሌላ አገር የሚዋሳቸው ተጫዋቾች ቁጥር በመጀመሪያ ከ8፣ ቀጥሎ ከ7፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ከ6 እንዳይበልጥ ወሰነ። ውሰቱም ከአንድ ዓመት እንዳያልፍ፣ የተዋሰው ቡድንም ልጁን መልሶ ለሦስተኛ እንዳያውስ ከለከለ። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ዕድሜያቸው እስከ 21 ዓመት የሆኑትንና ቡድኑ ራሱ ያሳደጋቸውን ከቁጥሩ ውጭ አድርጓል፤ ምክንያቱም ወጣቶች የሚጫወቱበት በር እንዳይዘጋባቸው ነው። ስለዚህ እኛ የምንናገርለት ልጅ በዚህ ቁጥር አይጠበቅም። ሕግ ራስ ይቆጥራል እንጂ ልብ አይመረምርም፤ የቀረውን የሚሞላው የሰው ሕሊና ነው።

እንግዲህ ልጅ በእጁ ያለ ሰው፣ የኳስ አሰልጣኝም ይሁን መምህር ወይም ወላጅ፣ ከመወሰኑ በፊት ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛው፣ ልጁ በሚሄድበት ስፍራ እውነተኛውን ሥራ ይሠራልን? ከአንዱ ቤት ወንበር ተነሥቶ በሌላ ቤት ወንበር ላይ ለመቀመጥ ከሆነ መንገዱ ድካም ብቻ ነው። በቤት የሚቆይም ከሆነ ያው ጥያቄ አለ። መቆየቱ ከታላላቆች ጋር በየቀኑ መትጋት ነውን? ወይስ ደመወዝ እየበሉ መርሳት ነው?

ሁለተኛው፣ ጊዜው ደርሷልን? በርበሬ የሚተክል ሰው ችግኙን ከመደቡ ነቅሎ ወደ ማሳው የሚያዛውርበት ቀን አለው። ገና ሁለት ቅጠል ሳለ ቢነቅለው ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ ከመጠን በላይ ቢያቆየው ደግሞ ቁመቱ ይረዝማል እንጂ ግንዱ አይጠነክርም። ሁሉም ችግኝ በአንድ ቀን አይደርስም፤ ስለዚህ አትክልተኛው የቀን መቍጠሪያውን ሳይሆን ችግኙን ይመለከታል። ለፎደን መደቡ ተስማማው፤ ለቤካም ማሳው። ሁለቱንም ያደረጉት አሰልጣኞች ልጆቹን ያውቋቸው ነበር፤ ብልሃታቸውም ማወቃቸው ነው።

ሦስተኛው፣ እውነቱ ለልጁ ተነግሮታልን? ከሦስቱ የሚከብደው ይህ ነው። ፈረንጆቹ አገር በትልልቅ ቡድኖች የሚሠለጥኑት ልጆች እጅግ ብዙዎች ናቸው፤ ከነዚያ ውስጥ በዋናው ቡድን የሚሰለፉት ጥቂቶች ናቸው። እኛ የምንጠራው የደረሱትን ስም ነው፤ በመንገድ የቀሩትን ማንም አይጠራቸውም። ትመለሳለህ እየተባለ ከቤት ወደ ቤት ሲዋስ፣ ሳያውቀው 23 እና 24 ዓመት የሞላው ልጅ የጠፋበት ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘብ ተመልሶ ይገኛል። የጠፋበት ወጣትነቱ ነው። እርሱ በዚያ ጊዜ በሌላ ቡድን ቋሚ ቤት ሊሠራ፣ ወይም ሌላ ሙያ ሊይዝ ይችል ነበር። አትመለስም የሚለው ቃል በ19 ዓመት ሲነገር ያስለቅሳል፤ በ25 ዓመት ሲታወቅ ግን ያጎብጣል። ስለዚህ ልጁን የሚወድ ሰው መራሩን ቃል በጊዜው ይናገር። በተስፋ ስም የሰውን ዕድሜ መብላት ከሌብነት ሁሉ የከፋ ነው፤ የተሰረቀው ነገር ከቶ አይመለስምና።

እስካሁን ለታላላቆች ተናገርን። ለወጣቱስ ምን እንበለው?

ወንድሜ ሆይ፤ ብዙ ጊዜ ውሳኔው በእጅህ አይደለም። ይህ ግን ባዶ እጅህን አያስቀርህም፤ መሄድና መቆየት በሌሎች እጅ ቢሆን እንኳ፣ እንዴት እንደምትሄድና እንዴት እንደምትቆይ በአንተ እጅ ነው። ቆይ ብትባል ወንበሩን የመኝታ ስፍራ አታድርገው፤ የትምህርት ቤት አድርገው። በፊትህ የቆመውን ታላቅ ሰው መቼ ይወድቃል ብለህ ሳይሆን ምን ያውቃል ብለህ ተመልከተው። በቅናት ያየኸው ሰው ምንም አያስተምርህም፤ በትሕትና ያየኸው ሰው ግን ሳያውቀው ሙያውን ይሰጥሃል።

ሂድ ብትባል ደግሞ መሄድህን እንደ ስድብ አትቍጠረው። ወደ ትንሽ ቤት የሄደ ትልቅ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚፈተነው በኵራቱ ነው። እኔ ከትልቅ ቤት የመጣሁ ነኝ የሚል ልጅ በሄደበት ወዳጅ አያገኝም፤ ኳስም አይቀበሉትም። አንተ የምትንቀው ያ ትንሽ ቡድን ለሌላው ሰው የልጆቹ እንጀራ ነው። እዚያ ሳለህ እንግዳ ሆነህ ሳይሆን ቤተኛ ሆነህ ሥራ።

የቤልጅጉ በረኛ ቲቦ ኩርቱዋ በዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ነው። የቼልሲ ንብረት ሆኖ ሳለ ከ2011 እስከ 2014 ሦስት ዓመት በውሰት ለአትሌቲኮ ማድሪድ ተጫወተ። በ2014 አትሌቲኮና ቼልሲ በሻምፒዮኖች ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። በጌታው ላይ ይሰለፍን? የሚል ክርክር ተነሣ፤ የአውሮፓው ማኅበርም ተጫዋቹን ሊከለክል የሚችል ውል አይጸናም ብሎ ወሰነ። ኩርቱዋ ተሰለፈ፤ በለንደን ሜዳ ላይ በራሱ ባለቤቶች ፊት ግቡን በታማኝነት ጠበቀ፤ አትሌቲኮም 3 ለ 1 አሸነፈ። ቼልሲ በዚህ ቂም አልያዘበትም፤ በዚያው ዓመት መልሶ ወስዶ በግቡ ላይ አቆመው። በተዋሰበት ቤት ታማኝ የሆነ ሰው በገዛ ቤቱም እንደሚታመን አስተዋሉ ማለት ነው። ለተዋሰው ቤት ያልታመነ ግን ለየትኛው ቤት ይታመናል?

ደግሞም አትቸኩል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ነገር ግን ትዕግሥትና ስንፍና በመልክ እንደሚመሳሰሉ አትርሳ፤ ሁለቱም ተቀምጠው ይታያሉና። የሚለያዩት በማታ ነው፤ ታጋሹ ሲተኛ ዛሬ የተማረውን ነገር ሊቆጥር ይችላል፤ ሰነፉ ግን የቀረውን ቀን ብቻ ይቆጥራል። በየማታው ራስህን በዚህ መርምር። ብዙ ወራት አልፈው የምትቆጥረው ነገር ካጣህ፣ ያን ጊዜ ተነሥተህ በትሕትና፣ ነገር ግን በግልጥ፣ ልቀቁኝ ብለህ ጠይቅ። ይህ ውለታ መርሳት አይደለም። የተፈጥሮ ስጦታህ የአሳዳጊዎችህ ብቻ ሳይሆን የአንተም አደራ ነውና፣ አደራው ሲበሰብስ ዝም ብሎ ማየት ታማኝነት ሊባል አይችልም።

እንግዲህ ወደ መነሻችን እንመለስ። ውሰት የሄደው ነገር ራሱ ሳይለወጥ የሚመለስበት ነው ብለን ነበር። ሰው ግን ሳይለወጥ ቢመለስ መሄዱ ከንቱ ነበር፤ ሳይለወጥ ቢቆይም መቆየቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሰውን በእርግጥ ማዋስ አይቻልም፤ የሚቻለው ለሌላ ሰው አደራ መስጠት ነው። ድስቱን ያዋሰ ሰው ድስቴ ተመለሰልኝ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ልጅ የላከ ሰው ግን ልጁ አደገ ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ያደገውም ልጅ ወደ ሌላ ቤት የሄደ እንደ ሆነ በማደጉ ደስ ሊለው ይገባል። ይህን ደስታ የማያውቅ ሰው ብዙ ተጫዋች፣ ብዙ ተማሪ፣ ብዙ ሠራተኛ ሊኖረው ይችል ይሆናል፤ ያሳደገው ሰው ግን የለውም።